ሹራብ ሥራና ጉዞ፦ ከቤት ወደ ቤት ስንዘዋወር የጀመርነው እንዳይፈታ



እሁድ እሁድ ስንገናኝ ከብዙዎቻችሁ ቦርሳ ውስጥ ክርና የሹራብ መርፌ ብቅ ሲል እናያለን። አንዷ ለእናቷ የአንገት ልብስ፣ ሌላዋ ላላየችው የወንድሟ ልጅ ኮፍያ ትሠራለች። የምንሰማው ሮሮ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ «ጀምሬው ነበር፣ ጀበል ስንወጣ ተፈታብኝ»፤ «ክሩን የድሮዋ ማዳም ቤት ትቼው ወጣሁ»፤ «ስመለስ የት እንደደረስኩ ጠፋኝ»። እዚህ ሊባኖስ ሙቀቱ ሲበረታ ብዙ ቤተሰብ ከቤሩት ወደ ብሩማና፣ ወደ አሌይ፣ ወደ ባሕምዱን ይወጣል፤ ሠራተኛዋም ትከተላለች። ሌላዋን ደግሞ አሠሪዎቿ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ሌላ አገር ይዘዋት ይሄዳሉ።

ሳይታሰብ የሚመጣ ጉዞም አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ጦርነቱ ሲባባስ ከደቡብ ሊባኖስና ከቤሩት ደቡባዊ ሰፈሮች ብዙ ሕዝብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ከእነዚህ መካከል አሠሪዎቻቸው ትተዋቸው የሄዱ፣ አንድ ፌስታል ብቻ አንጠልጥለው መጠጊያ የፈለጉ እኅቶቻችን ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሹራብ ምን ቁም ነገር ነው የሚል ይኖራል። እኛ ግን በሰው ቤት ለምትኖር ሴት በገዛ ገንዘቧ የገዛችው፣ በገዛ እጇ የሠራችው፣ ለምትወደው ሰው የሚደርስ ነገር ቀላል ነው ብለን አናምንም። ስለዚህ እንዴት እንደሚጠበቅ እንነጋገር።

በመጀመሪያ ሹራብ ለምን በቀላሉ እንደሚፈታ ማወቅ ይጠቅማል። እናቶቻችን ጥጡን በእንዝርት ፈትለው ሸማኔው የሚሠራው ሸማ ድርና ማግ አለው፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተሻገረ ይተሳሰራል። ሹራብ ግን ከዳር እስከ ዳር የቀለበት ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱን ቀለበት የሚይዘው ከበላዩ ያለው ቀለበት ነው፤ የላይኛውን ረድፍ ደግሞ መርፌው ብቻ ይይዘዋል። ስለሆነም ሻንጣ ውስጥ መርፌው ሲሾልክ ያመለጠው ቀለበት የበታቹን ይለቀዋል፤ እርሱም የበታቹን፤ እንደ መሰላል እስከ ታች ይወርዳል። ኪሮሽ ከዚህ ይለያል። በተለመደው የኪሮሽ ሥራ በማንኛውም ሰዓት ክፍት የሚሆነው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። እርሱን ሳብ አድርጋችሁ ብታሰፉትና በመርፌ ቁልፍ ብታያይዙት ሥራው የትም አይሄድም። በመሆኑም ማዳም በጠራች ቁጥር ለምትነሣ፣ በየወሩ ለምትጓዝ እኅት ኪሮሽ ይሻላል እንላለን። ሹራብ የምትወዱ ቅር አይበላችሁ፤ ለእናንተም መላ አለ።

ከሁሉ የሚሻለው መላ አንድ ክር ነው። ከሥራው ቀለም የተለየ፣ ለስላሳ የጥጥ ክር ጫፉ ባልሾለ የስፌት መርፌ ውስጥ አስገቡና በሹራብ መርፌው ላይ ባሉት ቀለበቶች ሁሉ ውስጥ፣ አንድም ሳትዘሉ፣ አሳልፉት። ክሩ ከሥራው ስፋት ረዘም ይበል። ከዚያ የሹራብ መርፌውን አውጥታችሁ የክሩን ሁለት ጫፎች እሰሩ። አሁን ሥራው እንደ መሐረብ ተጣጥፎ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ማንም ሻንጣውን ቢረግጠው፣ ልጆች ቢጎትቱት አይፈታም። ስትመለሱ መርፌውን በዚያው ክር መንገድ መልሳችሁ ካስገባችሁ በኋላ ክሩን ሳቡት። መሥራት ስትጀምሩ ግን ቀለበቶቹ እንዳይጠማዘዙ ተመልከቱ። ይህንኑ ክር መርፌውን ሳታወጡ በየሃያው ረድፍ ብታሳልፉት ደግሞ ብትሳሳቱም የምትፈቱት እስከዚያ ረድፍ ብቻ ነው። አንዲት እኅታችን ይህን ሳታውቅ ለአባቷ የጀመረችውን ሹራብ ሦስት ጊዜ ከሥር እንደጀመረችው ነግራናለች፤ አሁን ነጩን ክር «ጠባቂዬ» ትለዋለች።

ሁለቱ መርፌዎች በቀጭን የፕላስቲክ ገመድ የተያያዙበትም ዓይነት አለ። ሥራ ስታቋርጡ ቀለበቶቹን ወደ ገመዱ መግፋት ነው፤ በረዥሙ የብረት መርፌ የሚደርሰው መሾለክ ይቀንሳል። ከሁለቱ መርፌ አንዱ ጠፍቶ ቀረ የሚለውም ጣጣ የለበትም። ረዥሙን የምትጠቀሙ ደግሞ ጫፎቹን በላስቲክ ጠምጥማችሁ ያዙ።

የት እንደደረሳችሁ መርሳት ሁለተኛው ችግር ነው። ትንሽ ወረቀት ላይ የቀለበቱን ብዛት፣ የሠራችሁትን ረድፍ ቁጥርና የመርፌውን ቁጥር ጻፉና ከሥራው ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዙት። መርፌው 4 ሚሊ ሜትር ከነበረ በ5 ብትቀጥሉ ልብሱ ከወገቡ ጀምሮ ይሰፋል። እጅም እንደዚሁ ይለወጣል፤ ሲደክመንና ስንጨነቅ ክሩን አጥብቀን እንይዛለን፣ ስንረጋጋ እናላላለን። ስለዚህ ከሁለት ወር በኋላ ስትመለሱ ጥቂት ረድፍ ሥሩና በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንዳለ ከድሮው ጋር አስተያዩ። ልዩነት ካለ ያኔውኑ ፈታችሁ አስተካክሉ።

አሁን ወደ ክሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆጣለን። በርካሽ አገኘን ብላችሁ ከየሱቁ አንድ አንድ ጥቅል እየገዛችሁ አልጋ ሥር የምታጭቁ አላችሁ። ቤት ስትቀይሩ ግን ሻንጣው አይበቃም፤ ክሩ እዚያው ይቀራል፣ ደመወዛችሁም አብሮት። በእኛ አስተያየት ክር የሚገዛው ለታሰበ ሥራ ነው። ጥቅሉ ላይ ያለውን ወረቀት አንብቡ፤ ክብደቱን (ብዙ ጊዜ 50 ወይም 100 ግራም)፣ ርዝመቱን በሜትር፣ የሚስማማውን መርፌና ክሩ ከምን እንደተሠራ ይነግራችኋል። አንድ ሌላ ቁጥርም አለ፤ ክሩ በየትኛው ዙር እንደተነከረ የሚያሳየው ነው። ቀለሙ አንድ ሆኖ የንከራው ዙር ቁጥር ቢለያይ በሱቅ መብራት የማይታይ ልዩነት በፀሐይ ላይ ደረትና እጅጌው ላይ ይጋለጣል። ስለዚህ ለአንድ ልብስ የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ግዙ፤ ወረቀቱንም አትጣሉ። ገንዘብ አጥሮ ከሁለት ዙር ከገዛችሁ ሁለት ረድፍ ከአንዱ፣ ሁለት ረድፍ ከሌላው እያፈራረቃችሁ ሥሩ፤ ልዩነቱ ይሟሟል።

የሱፍ ክር ጠላቱ ብል ነው። በመንዝ ከበግ ጠጉር ባናና በርኖስ በሚሠራበት አገር ያደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። የሚበላው የብሉ ትል ነው፤ ምግቡም ጠጉር ስለሆነ አክሪሊክ የተባለውን ሰው ሠራሽ ክር አይፈልገውም። ሱፉን ንጹሕ አድርጋችሁ በላስቲክ ከረጢት አጥብቃችሁ እሰሩት። ብል ገብቶ እንደሆነ ከነከረጢቱ ሁለት ሳምንት በረዶ ቤት ማቆየት ይገድለዋል፤ ታዲያ የማዳምን ማቀዝቀዣ በክር ከመሙላታችሁ በፊት አስፈቅዱ! ለአገር ቤት ስጦታ አክሪሊክ ይመረጣል የምንለው ግን ለሌላም ምክንያት ነው። ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታሽ ይኮማተራል፤ እናታችሁ እንደ ሌላው ልብስ አሽታ ብታጥበው የእርሷ የነበረው ለሕፃን ይሆናል። አክሪሊክም ቢሆን የጋለ ካውያ አይችልም፤ ይተኛል፣ ይልሞሰሞሳል።

ከየሥራው የተረፈውን ክር አትጣሉት። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ትናንሽ ካሬዎች በኪሮሽ ሥሩበት። አንዱ ካሬ በአንድ ማታ ያልቃል፤ በጉዞ መካከል የሚቋረጥ ነገር የለም። ሲበዙ ተጋጥመው የአልጋ ልብስ ይሆናሉ፤ የተጠናቀቁትንም አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ጥቂት ጥቂት መላክ ይቻላል።

አገር ቤት የምትገቡ ስለ አውሮፕላኑ ትጠይቁናላችሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 አሜሪካ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ በሹል ነገር ላይ ቁጥጥሩ በረትቶ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ የሹራብ መርፌ በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፤ የመጨረሻው ቃል ግን እዚያም የፈታሹ ነው፤ በየአገሩም ሕጉ ይለያያል። ስለዚህ የብረት መርፌና መቀሱን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉ። የጀመራችሁትን ሥራ ግን ቅድም ባልነው ክር ላይ አውርዳችሁ በእጅ ቦርሳችሁ ያዙት። ሻንጣ ይዘገያል፣ ይጠፋልም፤ ሥራው ግን አብሯችሁ ይገባል፤ መርፌ እንደሆነ መርካቶም አይጠፋም።