ካሜራን በቁም ስለ መያዝ

(ወደ ኮሶዬ ለሚጓዙ ተማሪዎች)

ካሜራ ሲሠራ በአግድም እንዲያዝ ታስቦ ነው። የቀኝ እጅ የሚጨብጠው ጎን፥ ሌባ ጣት የምትጫነው ቁልፍ፥ ዓይን የሚጠጋበት መመልከቻ፥ ሁሉም የተደለደሉት ሰፊውን ጎን አግድም አድርጎ ለሚይዝ ሰው ነው። ሰው ግን የቆመ ፍጡር ነው፤ ዛፍም፥ የቤተ ክርስቲያን ደወል ቤትም፥ ገደልም እንደዚሁ ናቸው። እንግዲህ የቆመ ነገር ለማንሣት የሚፈልግ ሰው ካሜራውን በቁም ማዞር ግድ ይሆንበታል፤ ባዞረውም ጊዜ ፋብሪካው ለእጆቹ ያዘጋጀለትን ምቾት ሁሉ ያጣል። የጠፋው ምቾት በምን ይተካል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

ኮሶዬን ምሳሌ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስንወጣ፥ አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ የምናገኛት ይህች ቦታ የገደል አፋፍ ናት። የወገራ ደጋ ድንገት ይቆረጥና ቆላው ከእግር በታች ወለል ብሎ ይታያል። መኪና ሲቆም ተማሪው ሁሉ ወርዶ ባፋፉ ላይ ይሰለፍና ካሜራውን በአግድም ይዞ ያነሣል። ፎቶግራፉ ሲወጣ ምን ይታያል? ከላይ ሰማይ፥ ከታች ጭጋግ፥ መኻል ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር። ገደሉ የለም! ስፋቱ ተነሥቷል፤ ያ ሁሉ ጥልቀት ግን ከሥዕሉ በታች ቀርቷል። ካሜራውን በቁም ያዞረ ሰው አፋፉን፥ የዛፉን ጫፍ፥ የታችኛውን እርሻና የወዲያኛውን ተራራ ባንድ ሥዕል ይዞ ይመለሳል።

ነገሩን በቁጥር ብናየው ይበልጥ ይገባናል። (ይህን አንቀጽ የአርት ተማሪ መጻፉን የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጆቻችን ይታገሡልን።) ላይካ ካሜራውን እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ካወጣ ወዲህ የተለመደው የፊልም ልክ ወርዱ 36፥ ቁመቱ 24 ሚሊሜትር ነው፤ በዛሬዎቹ ፊልም አልባ ካሜራዎችም ብዙዎቹ ይህንኑ ልክ ወርሰዋል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ይነሣ ብንል፥ በአግድም ከያዝን 3 ሜትር ተኩል ያህል መራቅ አለብን፤ በቁም ከያዝን ግን 2 ሜትር ከ40 ያህል ይበቃናል። ሰውዬውም በፊልሙ ላይ በቁመት አንድ ጊዜ ተኩል፥ በስፋት ደግሞ ከሁለት እጥፍ በላይ ገዝፎ ይወጣል።

ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በስድስት ኪሎ ግቢ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ማለት ሣሩን መርገጥ ነው። በኮሶዬ ግን ወዳጆቹን ደጋውን አስደግፎ ለማንሣት ጀርባውን ለገደሉ የሰጠ ሰው «ትንሽ ልራቅ፥ እግራችሁ ተቆረጠብኝ» ብሎ የሚጨምራት አንዲት እርምጃ ከሁሉ የከፋችው እርምጃ ናት። ካሜራውን ማዞር ያችን እርምጃ ያስቀራል።

ታዲያ ስናዞረው ቀኝ እጅ ወዴት ይሂድ? ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች? ፎቶ አንሺዎች ከሁለት የተከፈሉበት ጥያቄ ነው። በመኝታ ቤታችንም አንድ ምሽት ሙሉ ተከራክረንበት ሳንስማማ ተኝተናል።

ወደ ላይ የሚለው ወገን ይበዛል። ቀኝ እጅ ጭብጡን ሳይለቅ ይነሣል፤ የካሜራው ግራ ጫፍ ወደ ታች ይወርዳል፤ ግራ መዳፍም ከሥር ሆኖ ሌንሱንና ጫፉን ይሸከማል። ክብደቱ በሙሉ ያረፈው በግራ እጅ ላይ ስለ ሆነ የግራው ክርን ከጎን አጥንት ጋር መጣበቅ አለበት። ላይካን በመሰሉ መመልከቻቸው በግራ ጫፍ በሆነ ካሜራዎች ይህ አያያዝ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ይኸውም ቀሪው አካል ወደ ላይ ስለሚወጣ ግንባር ላይ ይደገፋል፥ አፍንጫም ነጻ ይሆናል። ጉድለቱ የቀኙ ክርን ነው። እንደ ዶሮ ክንፍ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ይቀራል፤ ነፋስ ይይዘዋል፥ ቶሎ ይደክማል፥ በሰልፍ መካከልም የጎረቤትን መነጽር ያወልቃል።

ወደ ታች የሚለው ወገን ካሜራውን በተቃራኒው ያዞራል። ቀኝ እጅ ከአገጭ በታች ይሆንና የካሜራውን ጫፍ ከሥር ይሸከማል፤ ግራ እጅ ሌንሱን ይይዛል፤ ሁለቱም ክርኖች ደረት ላይ ይሰበሰባሉ። የሚያየው ሰው ጸሎት ላይ ያለ ይመስለዋል። ከሁለቱ የሚጸናው ይህ ነው። ነገር ግን የእጅ አንጓ ይጠማዘዛል፥ ለመልመድም ጊዜ ይጠይቃል፤ ካሜራውን ከአግድም ወደ ቁም ለማምጣትም አያያዙን መለወጥ ያስፈልጋል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። በኮሶዬ አፋፍ ነፋስ ሲኖርና የሚነሣው ነገር ሳይንቀሳቀስ ሲቆም ቀኝ እጅ ይውረድ። ጭላዳ ለማንሣት ግን ይውጣ። ጭላዳ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ከወርዱ ቁመቱ ይበልጣል፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክትም መኻል ላይ ስለሚውል በቁም ለመነሣት የተፈጠረ ይመስላል። ይሁንና ሳይታሰብ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ሲሄድ ደግሞ አግድም ነው። ስለዚህ ካሜራውን ባንድ ቅጽበት ከቁም ወደ አግድም የሚመልስ አያያዝ ያስፈልጋል። ፍላሽ የሚጠቀም ሰው ሌላም ነገር ያስብ፤ ቀኝ እጅ ወደ ላይ ሲሆን ፍላሹ በካሜራው ግራ፥ ወደ ታች ሲሆን በቀኝ ይውላል፤ በግድግዳው ላይ የሚወድቀው ጥላም በዚያው መጠን ጎኑን ይለውጣል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የቁልፉን ነገር ነው። ካሜራው በአግድም ሲያዝ ጣት ቁልፉን የሚጫነው ወደ ታች ነው፤ ግራ መዳፍ ከሥር ስላለ ግፊቱን ይቀበላል። በቁም ሲዞር ቁልፉም ወደ ጎን ይዞራል፤ ጣትም ካሜራውን የምትገፋው ወደ ጎን ነው። በዚያ በኩል ደግሞ ተቀባይ የለም። ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘን ያነሣናቸው ፎቶግራፎች የዛፉ ግንድ ሁለት ሆኖ፥ የሰውየው ትከሻ ተድበስብሶ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መድኀኒቱ መግፋትን ትቶ መቆንጠጥ ነው፤ አንድ ጣት ቁልፉን ሲጫን ሌላው ጣት ወይም መዳፍ ከተቃራኒው ጎን ይቀበለው። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ የመዝጊያውን ፍጥነት ከሰከንድ አንድ ስልሳኛ አታሳንሱ፤ በነፋስ ጊዜ ከዚያ በእጥፍ ይፍጠን። ደጋው ትንፋሽን ስለሚያሳጥር ዳገት እንደ ወጡ ወዲያው ማንሣት አይበጅም። መጀመሪያ እግርን መትከል፥ ወይም አንድ ጉልበት አንበርክኮ ክርኑን በሌላው ላይ ማሳረፍ፤ ከዚያ ትንፋሽን ግማሽ አውጥቶ መቆንጠጥ ነው። ዓይን መመልከቻው ላይ ሳለ ደግሞ እግር አይንቀሳቀስ።

ይህን ችግር ፋብሪካዎችም አላጡትም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት የታወቁት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በነበሩበት ዘመን፥ በባለ ሦስት እግር ላይ በሚቆሙት ብዙዎቹ ትልልቅ ካሜራዎች የሚዞረው ካሜራው ሳይሆን ከኋላው ያለው የመስተዋት ማስቀመጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 የወጣው ሮለይፍሌክስ ሥዕሉን አራት ማዕዘኑ እኩል አድርጎ ክርክሩን ከሥሩ ነቀለው፤ የሚዞር ነገር የለማ! የ1959ኙ ኦሊምፐስ ፔን ደግሞ የፊልሙን አንድ ሥዕል ለሁለት ስለ ከፈለው በአግድም ቢያዝም የሚያነሣው በቁም ነበር፤ ባለ 36ቱ ፊልምም 72 ሥዕል ሰጠ። (ለተማሪ ኪስ የታሰበ ይመስላል።) የ1970ው ማሚያ አር ቢ 67 ወደ ጥንቱ ዘዴ ተመልሶ ኋላውን ብቻ አዞረ። የ1996ቱ ኒኮን ኤፍ 5 ደግሞ ሁለተኛ ቁልፍና ሁለተኛ መጨበጫ ተጨምሮለት ወጣ፤ ካሜራው በቁም ሲያዝም ክርን አይዘረጋም።

ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ያለው ስልክ ነገሩን ገልብጦታል። ስልክ ሲፈጠር ጀምሮ የሚያዝ በቁም ነው፤ የዘመናችን ሰው የሚቸገረው አግድም ለማዞር ነው። ይሁንና ባንድ እጅ ጣቶች ጫፍ አንጠልጥሎ ገደል ላይ መዘርጋት ለስልኩም ለባለቤቱም አይበጅም። ሁለት መዳፍ ይያዘው፥ ክርኖች ይሰብሰቡ፤ መስተዋቱን በመምታት ፈንታ የድምፅ ቁልፉን መጫን በብዙ ስልኮች ሥዕሉን ያነሣል።

ስለ መቃናትም አንድ ቃል። በቁም የተያዘ ካሜራ ሳይታወቅ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ሜዳ ላይ ቢሆን አድማሱ ይነግረን ነበር፤ በወገራና በሰሜን ግን አድማሱ ራሱ የተሸረካከተ ተራራ ስለ ሆነ አይታመንም። ቀጥ ብሎ የቆመ ባሕር ዛፍ ወይም የመብራት እንጨት ፈልጉና ከመመልከቻው ረዥም ጎን ጋር አስተካክሉት። ያም ከሌለ ሰው አለ። በመንገድ ያገኛችሁትን አዛውንት «አባቴ፥ አንድ ፎቶ ላንሣዎ?» ብላችሁ ከፈቀዱላችሁ ዱላቸውን እዩ፤ መሬት የነካ ዱላ ጥሩ ቱንቢ ነው። ጋቢያቸውን ከጉልበት፥ ዱላቸውንም ከወገቡ ላይ የቆረጠ ሥዕል ደግሞ እሳቸውን አንሥቷል ለማለት አያስደፍርም፤ ፎቶውን ሊልኩላቸው ቃል የገቡ ሁሉ ይህን ያስቡበት።

ከኮሶዬ አልፈው በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚዘልቁ፥ ረዥም ሌንስና ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ይዘው ይሆናል። ካሜራው መቆሚያው ላይ ሆኖ በቁም ሲጋደም ክብደቱ ከመኻል ወጥቶ ባንድ ጎን ይንጠለጠላል። ስለዚህ ከሦስቱ እግሮች አንዱ ካሜራው በተጋደመበት በኩል ይዘርጋ፤ ሌንሱ የራሱ ቀለበት ካለው ደግሞ መቆሚያውን ከማጋደም ቀለበቱን አላልቶ ካሜራውን ብቻ ማዞር ይሻላል። ማንገቻውን በነፋስ እንዳይማታ ክንድ ላይ ጠምጥሙት፤ ቦርሳውንም በመቆሚያው መኻል ቢሰቅሉት ያጸናዋል።