ሲጋራ ያላጨሰ ሰው የሳንባ ካንሰር ሲይዘው

የሳንባ ካንሰር የአጫሾች ብቻ በሽታ ነው የሚለው እምነት የተሳሳተ ከመሆኑም በላይ፣ ሲጋራ በአፉ ዞሮ የማያውቅን ታማሚ «ተደብቆ ያጨስ ነበር» ለሚል ሐሜት ያጋልጣል። የሌሎች ሰዎች የሲጋራ ጭስ፣ ከመሬት የሚወጣው ራዶን የተባለ ሽታ አልባ ጨረር አመንጪ ጋዝ፣ እንዲሁም ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ካንሰር አምጪ ሲል የመደበው የተበከለ አየር ለበሽታው ይዳርጋሉ፤ በየማጀቱ የሚታፈነውን የእንጨት ጭስም ይኸው ተቋም «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው ወገን አስቀምጦታል።

ቤተሰብ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ባዮፕሲ በሚባለው የዕጢ ናሙና ላይ የዘረመል ምርመራ መደረግ አለመደረጉን ነው፤ ባላጨሱ ታማሚዎች ዘንድ ኢጂኤፍአር በተባለው ዘረመል ላይ የሚከሠት ለውጥ ከአጫሾቹ ይልቅ በብዛት ስለሚገኝ፣ ለውጡ ከታየ ሐኪሙ እንደ ኦሲመርቲኒብ ያለ በአፍ የሚወሰድ ኪኒን ሊመርጥ ይችላል። ኪኒኑ ተቅማጥና የቆዳ ሽፍታ ሊያስከትል ስለሚችል፣ አስታማሚው ምልክቱን ከነቀኑ መዝግቦ ለሐኪም ማሳየቱ ደጋግሞ «አይዞህ» ከማለት ይበልጥ ይጠቅማል። ጠያቂ በበዛበት ቤት የዕጣንና የከሰል ጭስ ከታማሚው ክፍል መራቅ አለበት፤ ቡናው በረንዳ ላይ ቢፈላ ግን የሚከለክል የለም።

ስለ ምርመራውም ሆነ ስለ ማስታመሙ ጥያቄ ያላቸው አንባቢያን ከዚህ ሥር ቢጽፉ ምላሽ ይሰጣቸዋል።