የ99 በመቶው ጥያቄ፦ የኔትወርክ ደህንነት ጥናቶችን ከሙዱላ አንጻር ማንበብ

የኔትወርክ ደህንነት በድኅረ ምረቃ ደረጃ በአብዛኛው የሚጠናው በምርምር ጽሑፎች አማካይነት ነው። የጥቃቱም የመከላከያውም ስልት ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ መማሪያ መጽሐፍ አይደርስበትም። ተማሪው በብዛት ከሚያገኛቸው ርእሰ ጉዳዮች አንዱ በማሽን ለርኒንግ የሰርጎ ገቦችን ጥቃት መለየት ሲሆን፣ ብዙዎቹ ጽሑፎች ከ99 በመቶ በላይ ትክክለኛነት መገኘቱን ይገልጻሉ። ይህ አኃዝ እንደ ጠምባሮዋ ሙዱላ ላለች ከተማ ኔትወርክ ምን ትርጉም እንዳለው መመርመር የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ኤስ. ኬሻቭ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ አንድን ጥናት በሦስት ዙር ማንበብ እንደሚገባ መክረዋል፤ መጀመሪያ አጠቃላይ ይዘቱን፣ ቀጥሎ ሐሳቡንና ማስረጃውን፣ በመጨረሻም ሥራውን በአእምሮ እንደገና እየሠሩ። ጥናቱ የደህንነት ጥናት ሲሆን ግን በሁለተኛው ዙር አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መነሣት አለበት፤ የተለካው የማን ኔትወርክ ነው?

ጥያቄው ለምን እንደሚያስፈልግ ኬዲዲ 99 የተባለው የመረጃ ስብስብ ታሪክ ያስረዳል። ስብስቡ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የሊንከን ላቦራቶሪ የአየር ኃይልን ኔትወርክ አስመስሎ ካመነጨው የሙከራ ትራፊክ ነው። ከ4.8 ሚሊዮን በላይ ከሆኑት የማሠልጠኛ መዝገቦቹ 80 በመቶ ያህሉ ጥቃቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ትንተና ደግሞ ከማሠልጠኛ መዝገቦቹ 78 በመቶ፣ ከመፈተኛዎቹም 75 በመቶ ያህሉ ድግግሞሽ መሆናቸውን አሳየ። ሞዴሉ ደጋግሞ ያየውን መዝገብ በቃሉ ሊይዝ ስለሚችል፣ ከፍተኛው ውጤት ሁልጊዜ የመለየት ችሎታን አያመለክትም። ድግግሞሹን ያስወገደው ኤንኤስኤል ኬዲዲ በዚያው ዓመት ቢዘጋጅም፣ የትራፊኩ ምንጭ ግን ያው የ1998ቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በካናዳ የተዘጋጀው ሲአይሲ አይዲኤስ 2017ም የተመዘገበው በሙከራ ኔትወርክ ላይ በአምስት ቀናት ውስጥ ነው፤ ኋላም ተመራማሪዎች በመዝገቦቹ አደረጃጀትና መለያ ላይ ስሕተቶች አግኝተውበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ የጥቃቶች ብርቅነት ነው። ስቴፋን አክሰልሰን እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት፣ ጥቃት ከጠቅላላው ትራፊክ እጅግ ጥቂቱ በሚሆንበት ቦታ የሥርዓቱን ጠቃሚነት የሚወስነው የሐሰት ማስጠንቀቂያው መጠን ነው። ለማስረዳት ያህል፣ በሙዱላ አንድ ጽሕፈት ቤት በቀን 100,000 ግንኙነቶች ቢያስተናግድና ከእነዚህ 10ሩ ብቻ ጥቃት ቢሆኑ እንበል። ሥርዓቱ 99 በመቶ የሚሆነውን ጥቃት ቢለይና ከጤናማው ግንኙነት 1 በመቶውን ብቻ በስሕተት ቢጠረጥር፣ በቀን 1,000 ያህል የሐሰት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ከመቶ ማስጠንቀቂያ እውነተኛው አንድ ገደማ ነው ማለት ነው። አንዱን ለማጣራት አንድ ደቂቃ ቢበቃ እንኳ ሥራው ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በአንጻሩ ምንም ማስጠንቀቂያ የማይሰጥ ሥርዓት በዚሁ ኔትወርክ 99.99 በመቶ ትክክለኛነት ይመዘገብለታል። ብቻውን የቀረበ ትክክለኛነት አንባቢን የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የአካባቢው ሁኔታ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመገናኘት ይሞክራሉ፤ የዘገዩ ዝማኔዎችም አብረው ይወርዳሉ። መብራት በማይቋረጥበት ላቦራቶሪ የሠለጠነ ሞዴል ይህን የተለመደ ክስተት እንደ ጥቃት ሊቆጥረው ይችላል። በፍላሽ ዲስክ ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚዛመት ቫይረስ ደግሞ በኔትወርኩ መግቢያ ላይ ለተተከለ መቆጣጠሪያ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ሮቢን ሶመርና ቨርን ፓክሰን እ.ኤ.አ. በ2010 ያቀረቡት ትችትም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ማሽን ለርኒንግ ቀድሞ ካየው ጋር የሚመሳሰለውን በመለየት ይበልጥ ስለሚሳካለት፣ ከዚህ በፊት ያልታየን ጥቃት እንዲያገኝ መጠበቅ ከባድ ነው።

መፍትሔው የአካባቢውን ትራፊክ መለካት ቢሆንም ሕጋዊ ድንበር አለው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መረጃን መጥለፍ ወንጀል አድርጎታል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የግለሰቦችን መረጃ አሰባሰብና አጠቃቀም ይገዛል። ስለዚህ ተመራማሪው ከተቋሙ የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት፣ የመልእክቶችን ይዘት ትቶ የግንኙነት መጠንና ጊዜን ብቻ መመዝገብ፣ አድራሻዎችንም ማንነትን በማይገልጽ መለያ መተካት ይኖርበታል።

እንዲህ ያለ ልኬት ለአንድ ሳምንት ብቻ ቢካሄድ እንኳ በውጭ ስብስብ የሠለጠነው ሞዴል በቀን ስንት የሐሰት ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ ያሳያል። በመመረቂያ ጽሑፍ የውጤት ሠንጠረዥ ውስጥ ከትክክለኛነቱ ጎን ይህ ቁጥር ሲቀመጥ፣ የጽሕፈት ቤቱ የአይሲቲ ባለሙያ ሥርዓቱን መትከል ይገባው እንደሆነ ለመወሰን የሚያስፈልገውን ማስረጃ ያገኛል።