አምቡላንስ ሲመጣ ቀድሞ የሚያውቅ መብራት

በእምድብር አካባቢ ምጥ የጸናባትን እናት ከሁሉ በላይ የሚፈትናት ርቀት ነው። በአቅራቢያው ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ለዚህ ብልሃት ያበጀው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ሁኔታቸው የሚያሰጋ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ ገብተው የሚቆዩበት ማረፊያ ከፈተ። መንገዱን ማሳጠር ባይቻልም ቀድሞ መነሣት ይቻላልና።

ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሪፈር የተጻፈላት ግን መንገዱን መጋፈጧ አይቀርም። አምቡላንሱ ወልቂጤን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ሰበታን አልፎ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ከነዳ በኋላ፣ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጦር ኃይሎች ወይም ሜክሲኮ ላይ መኪና መሐል ይቆማል። ሳይረኑ ይጮኻል። ከፊቱ ያሉት ሾፌሮች ማሳለፍ እንዳለባቸው ቢያውቁም ቀይ ይዟቸዋል፤ የሚሸሹበት ቦታ የላቸውም። አምቡላንሱ ቀዩን ጥሶ ልለፍ ቢል፣ አረንጓዴ በርቶለት ከጎን የሚመጣው መኪና ላያየው ይችላል።

ለዚህ መላ የተገኘው ዛሬ አይደለም። ኦፕቲኮም የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካዋ ሴንት ፖል ከተማ ተጀመረ። ከመኪናው አናት ላይ የሚገጠም መብራት በሴኮንድ 14 ጊዜ ያህል ብልጭ ይላል፤ መስቀለኛ መንገዱ ላይ የተሰቀለው ተቀባይ ይህን ምት ከሌላው ብርሃን ለይቶ ለመቆጣጠሪያው ሳጥን ያሳውቃል። ሳጥኑ መብራቱን በድንገት አይቀይርም። ሌሎቹን በቢጫ ያስጠነቅቃል፤ ለአፍታ በሁሉም አቅጣጫ ቀይ አብርቶ መሐሉ እስኪጸዳ ይጠብቃል፤ ከዚያ ለአምቡላንሱ መስመር አረንጓዴ ይለቃል።

ብርሃንን ግን ዛፍና መታጠፊያ ይጋርደዋል። አዳዲሶቹ በጂፒኤስ የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ መኪናው ያለበትን ቦታ፣ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን በሬዲዮ ወይም በሞባይል ኔትወርክ ይልካሉ። እያንዳንዱ መኪና መለያ ስላለው ያልተፈቀደለት አረንጓዴ ማዘዝ አይችልም።

ዋናው ቁም ነገር ትእዛዙ የሚደርስበት ሰዓት ነው። በአንድ መስመር የተሰለፈ መኪና እያንዳንዱ ተነሥቶ ለማለፍ 2 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ሃያ መኪና ከቆመ መስመሩ የሚለቀው ከ40 ሴኮንድ በኋላ ነው። አምቡላንሱ ከሰልፉ ጭራ ከደረሰ በኋላ የሚበራ አረንጓዴ ብዙም አይጠቅመውም። ገና አየር ጤና ሳለ የጦር ኃይሎች መብራት መዘጋጀት መጀመር አለበት፤ ቀጥሎ ያለው መስቀለኛም አብሮ ካልተከፈተ መኪናው እዚያ ሄዶ ይከማቻል።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሲሠራ የምናየው የትራፊክ ፖሊሱ እጅ ነው። ሌላውን አቁሞ ያሳልፋል፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የሚያውቀው ሳይረኑ ጆሮው ሲደርስ ነው።

መሣሪያው ሲገባ በእኔ እምነት ሥራው መጀመር ያለበት ከክፍለ ሀገር በሚያስገቡት መንገዶች ነው፤ ከእምድብር የሚመጣው አምቡላንስ የሚገባበት የጅማ መንገድ አንዱ ነው። መለያውም ለከተማዋ አምቡላንሶች ብቻ ሳይሆን፣ ወረዳዎችና የገጠር ሆስፒታሎች ለሚልኳቸውም ከመጀመሪያው ቀን ይሰጥ።