ስለ ጠመንጃ መነጽር

«ዒላማው ጎልቶ ከታየ መምታቱ ቀላል ነው» የሚል አሳብ በብዙዎች ዘንድ አለ። ስለዚህ ኃይሉ ከፍና ዝቅ የሚል የጠመንጃ መነጽር ስንገዛ ዓይናችን የሚያርፈው በትልቁ ቁጥር ላይ ነው። ይህ ግን ስሕተት ነው።

በመነጽሩ ላይ «3–9×40» ተጽፎ ብናገኝ፣ ከ3 እስከ 9 እጥፍ ያጎላል፤ የፊት መስተዋቱም ስፋት 40 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። 40ን ለ9 ብናካፍል ወደ ዓይናችን የሚደርሰው የብርሃን ክብ 4.4 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል፤ በ5 እጥፍ ግን 8 ሚሊሜትር ነው። የወጣት ዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊሜትር ያህል ስለሚከፈት፣ ሲመሽ ኃይሉን መቀነስ ይበጃል። ከዚህም በቀር ኃይሉ ሲበዛ የሚታየው ስፍራ ይጠባል፤ የእጃችንም መንቀጥቀጥ አብሮ ይጎላል።

መነጽሩን ስንገጥም አስቀድመን ጠመንጃው ባዶ መሆኑን እናረጋግጥ። ቀጥሎም ኃይሉን ከፍ አድርገን፣ ጉንጫችንን በሰደፉ ላይ አሳርፈን፣ ክቡ ያለ ጥላ ሙሉ ሆኖ እስኪታየን ድረስ መነጽሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እናንቀሳቅሰው። በዓይናችንና በመነጽሩ መካከል 9 ሴንቲሜትር ያህል ካልቀረ፣ ጠመንጃው ሲራገጥ ቅንድባችንን ይፈነክታል።

ከዚያም በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ በ100 ሜትር ላይ 3 ጥይት ተኩሰን፣ ያረፉበትን መካከል አይተን እናስተካክል። በአንድ ጥይት ብቻ መፍረድ አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ መነጽሩ ወዳየበት አፈሙዙም ያያል። በቁጥቋጦው ውስጥ የተንቀሳቀሰው ምን እንደሆነ ለመለየት በእጅ የሚያዝ መነጽር አለ። በጠመንጃው አንመልከት፤ ሰው ሊሆን ይችላልና።