የጀርባ ክፍተት ያለበትን ሕፃን ማሳደግ
ከኮልፌ ቀራንዮ የኪራይ ቤት እስከ ገጠር ወፍጮ ቤት

በጅማ መስመር ወደ አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ ከሚወርድባቸው ቦታዎች አንዱ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አየር ጤና ነው። አብዛኛው ሰው እህሉን፣ ቅቤውንና ዶሮውን ይዞ የሚመጣ ነው። ከመካከሉ ግን ሕፃን ታቅፎ፣ ከጤና ጣቢያ ወይም ከወረዳ ሆስፒታል የተሰጠውን የሪፈር ወረቀት በመሐረብ ጠቅልሎ የሚመጣም አይጠፋም። የእንዲህ ያለው ሰው ማረፊያ በአየር ጤና፣ በቤቴል፣ በዘነበ ወርቅ ወይም በአጠና ተራ አካባቢ ያለ የዘመድ ኪራይ ቤት ይሆናል። ለሦስት ቀን ብሎ የመጣ ሰው ወራት ይቀመጣል። አንዳንዱም ለልጁ ክትትል ሲል የእርሻ ሥራውን ለወንድሙ ትቶ እዚያው ይቀራል።

ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ከሚያንከራትቱት ሕመሞች መካከል አንዱ ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ኅብለ ሠረሠሩ ሳይገጥም በመቅረቱ የሚመጣው የጀርባ ክፍተት ነው፤ ሐኪሞች ስፓይና ባይፊዳ ይሉታል። ሕፃኑ ሲወለድ በወገቡ ወይም በጀርባው ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይታያል። ከነዚህ ሕፃናት አብዛኞቹ በጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀምባቸዋል፤ ይህም ሃይድሮሴፋለስ ይባላል። ሕመሙ በአገራችን ጥቂት እንዳይመስለን። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ስለ አዲስ አበባ ሦስት ማስተማሪያ ሆስፒታሎች እና ስለ ትግራይ ሆስፒታሎች ለየብቻ የወጡት ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ ከ10,000 ወሊድ ውስጥ ከ100 በላይ በሚሆኑት የዚህ ዓይነት የአንጎልና የኅብለ ሠረሠር ክፍተት ታይቷል። ቁጥሩ በሆስፒታል የተወለዱትን ብቻ የሚመለከት ነው። በየጎጆው ተወልደው የሚሞቱትን ማን ቆጠራቸው?

ቀዶ ሕክምናው በአዲስ አበባ እንደ ዘውዲቱና እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ሆስፒታሎች ይሰጣል። የጀርባው ክፍተት ይዘጋል። በጭንቅላቱ ውስጥ ለሚጠራቀመው ፈሳሽ ደግሞ ከቆዳ በታች ወደ ሆድ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ይገጠማል። ቱቦ ሳይገጠም በመሣሪያ እያዩ በአንጎል ውስጥ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ የመክፈቱ ዘዴም አለ። ይህ ዘዴ ለአፍሪካ ሕፃናት እንደሚበጅ በሰፊው የታየው በዩጋንዳ፣ በምባሌ ከተማ፣ ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት በሠሩት ሥራ ነው። ሆኖም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ረጅም ጊዜ የሚሸከመው ሆስፒታሉ ሳይሆን ቤተሰቡ ነው።

አንድ ክፍል በሆነ የኪራይ ቤት ውስጥ የሁለት ዓመት ሕፃን አለ እንበል። እኩዮቹ ድክ ድክ እያሉ ደጅ ይወጣሉ፤ እሱ በእጁ እየተሳበ ይከተላቸዋል። አእምሮው ንቁ ነው፤ ሰው ይለያል፣ ይስቃል፣ የሚፈልገውን ይናገራል። እግሩ ግን አይሰማውም። በከሰል ምድጃ ቡና በሚፈላበት ቤት፣ እሳት የማይሰማው እግር ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም። ልጁ እግሩን ምድጃው ላይ አስደግፎ ሳያለቅስ ይቃጠላል፤ እናቱ የምታውቀው ቁስሉን ስታይ ነው። ስለዚህ ምድጃው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይቀመጣል። የገላው ውኃ በእናት ክንድ ይለካል። ማታ ማታም እግሩና መቀመጫው በብርሃን ይመረመራል፤ የጠበቀ ጫማና የልብስ ስፌት እንኳ ቁስል ይፈጥራልና።

ከሁሉ የሚከብደው የሽንቱ ጉዳይ ነው። ፊኛውን የሚያዝዘው ነርቭ ስለተጎዳ ሽንቱ በሙሉ አይወጣም። ጨርቁ ሁልጊዜ እርጥብ በመሆኑ ልጁ በደንብ የሚሸና ይመስላል፤ በውስጥ የቀረው ሽንት ግን ወደ ኋላ እየተመለሰ ኩላሊቱን ይጎዳል። ጉዳቱም ሕመም ሳይሰማ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱ እናት ወይም አባት እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ንጹሕ ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫው አስገብተው፣ በየሦስትና በየአራት ሰዓቱ ሽንቱን ማውጣት ነው። ነርሷ ስታሳያቸው ብዙ ወላጆች ይደነግጣሉ፤ ካዩና ከለመዱት በኋላ ግን ፊደል ያልቆጠረች እናት አሳምራ ትሠራዋለች። ችግሩ ሰዓቱ ነው። በየአራት ሰዓቱ ወደ ቤት መመለስ ያለባት ሴት በቀን ሥራ ልትቀጠር አትችልም፤ ገበያ ውላ መምጣትም አይሆንላትም። የቤቱ ገቢ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ታላቅ እህት ካለች ከትምህርት ቤት የምትቀረው እሷ ናት። አባትየው ቱቦ ማስገባቱን ከተማረ ግን የቤቱ ኑሮ በእርግጥ ይለወጣል፤ ይህ የእናት ሥራ ብቻ ነው የሚል ሕግ የለም።

በጭንቅላቱ የተገጠመውም ቱቦ የራሱ ሥጋት አለው። በሀብታሞቹ አገሮች ጭምር፣ ቱቦ ከተገጠመላቸው ሕፃናት ወደ ግማሽ የሚጠጉት በሁለት ዓመት ውስጥ ቱቦው ተደፍኖ ወይም ተመርዞ እንደገና ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ልጁ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከያዘው፣ ዓይኑ ወደ ታች ከወረደ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ካተኮሰው ወይም ካንቀጠቀጠው ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። የእንዲህ ያለ ልጅ እናት ሌሊት ሌሊት ተነሥታ ትንፋሹን የምታዳምጠው በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ገበሬ ማኅበር መሪዎች እንመለስ። ማኅበራቱ በ1967 ዓ.ም. በገጠር መሬት አዋጅ ከተቋቋሙ ወዲህ ስሙም አሠራሩም ቢለዋወጥ፣ ዛሬም በብዙ ገጠር ቀበሌውን ገበሬ ማኅበር የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ ችግር ሲደርስም መጀመሪያ የሚንኳኳው የእናንተ በር ነው።

እብጠት ያለበት ሕፃን በቀበሌያችሁ ሲወለድ ጊዜው በቀን የሚቆጠር ነው። ክፍተቱ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ቢዘጋ ይመረጣል፤ ከዘገየ ተሕዋስያን በቁስሉ ገብተው ወደ አንጎል ይደርሳሉ። በእብጠቱ ላይ ቅቤም ሆነ ቅጠል አይደረግም፤ አይወጋም። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ሕፃኑ በጀርባው ሳይሆን በጎኑ ወይም በሆዱ ይተኛል፤ እናቱ እያጠባችው ወደ ጤና ጣቢያ ይጓዛል። አምቡላንስ ካልተገኘ መኪና የሚለምነው፣ የመሳፈሪያውን ገንዘብ ከእድር የሚያሰባስበው የእናንተ ቃል ነው። ነገሩ እርግማን ነው፣ ልክፍት ነው እየተባለ ሕፃኑ በጓዳ እንዲደበቅ የሚደረግበት ቤት ካለም ሄዶ ማነጋገር ይገባል። በሽማግሌ ፊት “ከእናቲቱ ኃጢአት የመጣ አይደለም” ብሎ መናገር ብቻ ስንት ትዳር ያድናል።

ሌላው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ጉዳይ ነው። መዋጮው ብዙ ቦታ የሚሰበሰበው አዝመራው ከገባ በኋላ ነው። ደብተሩን ሳያድስ የቀረ ቤተሰብ ሕፃኑ ሲታመም ከባዶ ይጀምራል። የሪፈር ሰንሰለቱን ሳይከተል በቀጥታ አዲስ አበባ የገባም ወጪውን ራሱ ሊሸፍን ይችላል። መዋጮ ስትሰበስቡ ይህን ብትነግሩት ገበሬው ይገባዋል።

ዋናው ነገር ግን ከወሊድ በፊት፣ እንዲያውም ከእርግዝና በፊት ነው። የሕፃኑ ኅብለ ሠረሠር የሚገጥመው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙዋ እናት ማርገዟን እንኳ አላረጋገጠችም። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን በቀን 0.4 ሚሊ ግራም፣ ከእርግዝና ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ ከተወሰደ አብዛኛውን ክፍተት ይከላከላል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ግን ለሚቀጥለው እርግዝና የሚያስፈልጋት 4 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ ከማርገዟ በፊት ሐኪም ማማከር አለባት። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው ኪኒን ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ ለጀርባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። በዘር ጊዜ የሚደረገውን ማዳበሪያ እሸት ሲይዝ እንደ መበተን ነው። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አዲስ ለተጋቡና ልጅ ለማከል ላሰቡ ባለትዳሮች ስለ ኪኒኑ እንድትነግራቸው በስብሰባችሁ ላይ ጊዜ ስጧት። ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራም ቫይታሚኑ አላቸው፤ ነገር ግን ረጅም ጊዜ ሲቀቀሉ ብዙውን ያጣሉ፤ ኪኒኑንም አይተኩም።

በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት ፋብሪካዎች ፎሊክ አሲድና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን በዱቄቱ ላይ እንዲጨምሩ የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። ደቡብ አፍሪካ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ይህንኑ በስንዴና በበቆሎ ዱቄት ከጀመረች በኋላ የእነዚህ ሕፃናት ቁጥር ሲሶ ያህል ቀንሷል። ይሁንና የእኛ ገበሬ የሚበላው የራሱን ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ በመንደር ወፍጮ አስፈጭቶ ነው። የፋብሪካው ዱቄት የኮልፌ ዳቦ ቤት ይደርስ ይሆናል፤ የእርሱን መሶብ አይነካም። ከገበያ የማይቀርበት ነገር ጨው ነው፤ በአዮዲን የተደረገውን በፎሊክ አሲድ ለመድገም ጥናቶች ተደርገዋል። ያ እስኪደርስ ድረስ ለገጠሯ ሙሽራ ያለው መንገድ ኪኒኑ ነው፤ ኪኒኑ በጤና ኬላው መኖሩን ዛሬውኑ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።