በቀን ዘጠኝ ጄሪካን

ባለ 20 ሊትር ጄሪካን፣ ዘጠኝ ጊዜ ሙሉ። የአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ኩላሊቶች በቀን የሚያጣሩት ይህን ያህል ነው፤ 180 ሊትር። ሁለቱ ተደምረው 300 ግራም ገደማ ቢመዝኑም፣ ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛው ወደ እነሱ ይሄዳል። የደማችን ፈሳሽ ክፍል ሦስት ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ያው ሦስት ሊትር በየቀኑ 60 ጊዜ ይጣራል።

ሥራው የሚሠራው በየኩላሊቱ ባሉ ወደ አንድ ሚሊዮን በሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ነው። ከእናታችን ማኅፀን ይዘናቸው እንወጣለን፤ ከዚያ በኋላ አንድም አይጨመርም። አሜሪካ ውስጥ ኩላሊት የለገሱ ጤነኞች ሲጠኑ፣ ከ30 ዓመት በታች የሆኑት በአንድ ኩላሊት 990,000 ያህል፣ ከ70 ያለፉት ደግሞ 520,000 ያህል ማጣሪያ ተገኘባቸው። ልዩነቱ ለመካከሉ 50 ዓመት ያህል ሲካፈል በሰዓት አንድ ማጣሪያ ይደርሳል። ይህ እንግዲህ በሽታ ሳይጨመርበት፣ ዕድሜ ብቻውን የሚወስደው ነው።

ስኳርና ደም ግፊት ሲጨመሩ ጉዳቱ ይፈጥናል፤ ሆኖም ድምፅ የለውም። የተረፉት ማጣሪያዎች የሞቱትን ሥራ ደርበው ስለሚሠሩ፣ ቢቸና ወይም ደምበጫ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ የኩላሊቱን ግማሽ አቅም አጥቶም ምንም ላይሰማው ይችላል። በደም ውስጥ ያለው፣ ኩላሊት የሚያጣራው ክሬቲኒን የተባለ ቆሻሻ እንኳ እስከዚያ ድረስ ከመደበኛው ላያልፍ ይችላል።

ቀድሞ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ሽንት ነው። አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን እየተመላለሰ በቀን ከ30 ኪሎ በላይ በኩላሊት ያልፋል። ጤነኛ ኩላሊት ወደ ሽንት የሚያሾልከው ግን ከ30 ሚሊግራም በታች ነው፤ ከሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም! ከዚህ ሲበልጥ ማጣሪያው መቀደድ ጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ከተደረሰበት ጉዳቱን በመድኃኒት ማዘግየት ይቻላል።

ከዘገየ የሚቀረው የኩላሊት እጥበት ነው፤ በተለምዶ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ አራት አራት ሰዓት። ጤነኛ ኩላሊት ሳምንቱን ሙሉ 168 ሰዓት ሲሠራ፣ ማሽኑ የሚሠራው 12 ሰዓት ነው። ሌላው አማራጭ፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ፣ በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ያ ገበሬ ከደብረ ማርቆስ ቢነሣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ።

ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባችሁ፣ ወይም በቤተሰባችሁ የኩላሊት ሕመም ካለ፣ ሕመም እስኪሰማችሁ አትጠብቁ። በዓመት አንድ ጊዜ የደም ክሬቲኒንና የሽንት አልቡሚን ምርመራ ይደረግልኝ በሉ፤ ሁለቱንም።